ሦስተኛው ሐዲድ

መተማ ባቡር ደርሶባት አያውቅም። ከድንበሩ ወዲያ ገዳሪፍን አቋርጦ ሲያልፍ ኖረ፤ በወዲህ ድሬዳዋ ላይ ሲያፏጭ ኖረ፤ መተማ ግን ከሰሊጥ ጫኝ መኪና ጡሩምባ በቀር የሰማችው የለም። ፍቅር ሥራ ሲፈልግ የማይገባበት የለምና፣ ይህን ጉድለት ሁለት ሰዎች በሁለት ጠረጴዛ ላይ ሊያቃኑት ተነሡ። ታሪኩን ዛሬ ከመካከል የምትቀላቀሉ ካላችሁ ቅር አይበላችሁ፤ የሚበቃችሁን ያህል አስቀድሜ እነግራችኋለሁ።

ሰገነት የአቶ ስሜነህ ልጅ ናት። አቶ ስሜነህ ማለት በመተማ ዮሐንስ መግቢያ ላይ ያለው ትልቁ የሰሊጥና የጥጥ መጋዘን ባለቤት፣ ከጎንደር ማጭድ ይዘው ወርደው ዛሬ ትራክተር የሚያሰማሩ፣ ቀልድ የማይወዱ ሰው ናቸው። ሟች ባለቤታቸው የድሬዳዋ ሰው፣ የባቡር ነጂ ልጅ ነበሩ። ቆላ ወርዶ ሰሊጥ ያጭድ የነበረ ጎንደሬ ከድሬዳዋ እንዴት እንዳገባ አቶ ስሜነህ ለማንም አውርተው አያውቁም፤ የሚጠይቃቸው ደፋርም አልተገኘም።

ሰገነት በልጅነቷ ክረምት ክረምቱን ድሬዳዋ እየሄደች፣ አያቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ የባቡር ወሬ ስትሰማ አደገች። ትልቅ ሰው ሆና የመጋዘኑን ሥራ ስትመራም ያ ወሬ አልለቀቃት ብሎ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው ክፍል ድሬዳዋን በጠረጴዛ ላይ መሥራት ጀመረች። ጣቢያው አለ፤ የውሃ ማማው አለ፤ ከሎኮሞቲቩ መስኮት ብቅ ያለ ባለ ቆብ አያት ሳይቀር አለ። ሐዲዱ የነሐስ ነው፤ አክስቷ ከዱባይ የላከችላት።

አለልኝ ደግሞ የተቃጠለ ሞተር እየጠቀለለ፣ የቆመ ፓምፕ እያስነሣ የሚኖር ወጣት ነው። ልጅነቱ ገዳሪፍ ነው ያለፈው፤ እናቱ ከባቡር ጣቢያው ደጃፍ ሻይ ትሸጥ ነበር። እሱም በፊናው ገዳሪፍን እየሠራ ነበር፤ ሎኮሞቲቩን ከዘይት ቆርቆሮ፣ ፉርጎዎቹን ከሰርዲን ጣሳ፣ ሐዲዱን የጥጥ ጥቅል ከሚታሰርበት ስስ ብረት። በጣቢያው ደጃፍ ከሽቦና ከጨርቅ የተሠራች አንዲት ሴት ማንቆርቆሪያዋን ይዛ ተቀምጣለች። እናቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ጠረጴዛው ላይ ግን ሻይዋ አልቀዘቀዘም።

የተያዩትም በዚሁ ስስ ብረት ሰበብ ነው። የሰሊጥ ማበጠሪያው ሞተር ተቃጥሎ ሊጠግን መጥቶ፣ ሲጨርስ እጁን እየጠረገ፣

«ይሄን የጥጥ ማሰሪያ ትጥሉታላችሁ?» አላት።

«ምን ያደርግልሃል?»

«ሐዲድ።»

ያን ጊዜ ቀና ብላ አየችው፤ እሱም አያት። ፍቅርና ጭስ አይደበቅም ይላሉ፤ የዚያን ቀን ግን ጭሱ ከሞተሩ ነው ብለው ሁለቱም ራሳቸውን ሸነገሉ።

ከዚያ በኋላ ጠረጴዛዎቻቸውን ያሳዩ የነበረው በቴሌግራም ነው። የጠረጴዛ ባቡር ሠሪዎች የሚሰባሰቡበት አንድ ቡድን አለ፤ ከድሬዳዋ፣ ከአዲስ አበባ፣ ከጅቡቲ፣ መብራት ባገኙ ቀን ከገዳሪፍም ሳይቀር ሰዎች የሠሩትን ፉርጎ፣ የዘረጉትን ሐዲድ ፎቶ እየለጠፉ ይመራረቃሉ፣ ይተራረባሉ። በአካልማ እንዴት ተደርጎ! እሷ ወደ እሱ መጠገኛ ሱቅ ብትሄድ አገር ያወራል፤ እሱ ወደ መጋዘኑ ቢመጣ ሞተር ካልተቃጠለ ዘበኛው አያስገባውም። ያ ሞተር በዚያ ዓመት ስንቴ እንደተቃጠለ ሆድ ይፍጀው። ብቻ ከሰሊጡ ተበጥሮ የሚወጣውን ደቃቅ ጠጠር ለሐዲዱ መደብ እንዲሆነው በሞተሩ ሰበብ ትልክለት ነበር፤ ስለዚህ ገዳሪፍም ድሬዳዋም የቆሙት በአንድ ጠጠር ላይ ነው።

ለሁለቱም የባቡሩን ደንብ ያስተማሯቸው ዐም ሐሚድ፣ ማለትም አጎት ሐሚድ፣ ናቸው። ዐም ሐሚድ በወጣትነታቸው ገዳሪፍ ጣቢያ የሐዲድ መቀየሪያ ይዘው የኖሩ፣ ዛሬ ከድንበሩ፣ ከጋላባት ድልድይ አጠገብ ከልጃቸው ከኩብራ ጋር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። ደንቡ ይህ ነው፦ አንድ ባቡር ከጣቢያው ከመነሣቱ በፊት ወደፊት ያለውን ጣቢያ «መንገዱ ክፍት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ያኛው «ክፍት ነው፤ ይምጣ» ካላለ ጎማ አይንቀሳቀስም። «አይሆንም ማለት ይቻላል» ይላሉ ዐም ሐሚድ ጣታቸውን ቀስረው፤ «ዝም ማለት ነው የማይቻለው። ዝም ያለ ጣቢያ ሰው ይገድላል።»

እንግዲህ ሌላው ጥንድ «እንዴት ዋልሽ፣ እንዴት ዋልህ» በሚባባልበት ሰዓት፣ እነዚህ ሁለቱ በስልክ «መንገዱ ክፍት ነው?» «ክፍት ነው፤ ይምጣ» እየተባባሉ ከረሙ። «እወድሻለሁ» የሚለው ቃል ግን ከሁለቱም አፍ አልወጣም።

ሰሊጡ ተሰብስቦ ሕዳር ሲገባ አቶ ስሜነህ ልጃቸውን ጠሩ። ከጎንደር አንድ ባለ ሆቴል ለልጁ ሽማግሌ ልኮ ነበር። «ከሚካኤል ማግስት መልስ እሰጣለሁ ብያለሁ» አሏት። «ሌላ የሚጠይቅሽ ካለ እንደ ወጉ ሽማግሌ ይላክ፤ በሬን አልዘጋሁም። ከሌለ ግን ሰው አላስጠብቅም።»

ሰገነት ይህን ለአለልኝ ነገረችው። እሱም «እሑድ ጠረጴዛዎቹን እናገናኝ፤ ከዚያ እናያለን» አላት። በዚያ «ከዚያ እናያለን» ውስጥ ምን እንዳለ እያሰበች ሳምንቱን ሙሉ በደስታ እንቅልፍ አጣች።

* * *

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእሷ ድሬዳዋ ብርድ ልብስ ለብሳ በአባቷ አይሱዙ መጣች፤ የእሱ ገዳሪፍ በአህያ ጋሪ። ሁለቱ ጠረጴዛዎች በዐም ሐሚድ አዳራሽ ጎን ለጎን ቆሙ። በመካከላቸው አንዲት አጭር ጣውላ አለች፤ መተማ ጣቢያ ማለት እሷ ናት። ኩብራ ስልኳን ከፍ አድርጋ ለቡድኑ በቀጥታ ታስተላልፋለች፤ ገዳሪፍ ያሉት መብራት አግኝተው ስለነበር እነሱም ያያሉ።

አለልኝ ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ሰገነት ሸሚዙን አይታ ዓይኗን ቶሎ ወደ ሐዲዱ መለሰች።

«ከገዳሪፍ ለድሬዳዋ፤ መንገዱ ክፍት ነው?»

«ክፍት ነው፤ ይምጣ።»

የዘይት ቆርቆሮው ሎኮሞቲቭ ተነሣ። ሻይ ሻጯን አለፈ። ጠረጴዛውን ጨርሶ ጣውላዋ ላይ ወጣ፤ ከእሷ ሐዲድ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ሲደርስ አንዴ ተንገጫግጮ በጎኑ ወደቀ። ጎማው በአየር ላይ መሽከርከሩን ቀጠለ።

አነሡትና ደገሙ፤ አሁንም ወደቀ። ጎንበስ ብለው ሲያዩ ግራው ሐዲድ ከግራው ጋር ገጥሟል። ቀኙ ግን የእሱ ወደ ውጭ ወጣ ብሏል፣ የሁለት ሚሊ ያህል። ፎቶ ሚሊ አይለካም፤ ከርመው ከርመው አላዩትም።

ሰገነት ሰው ሁሉ እያያት መሰላት። ጆሮዋ ድረስ ሞቃት። ሐፍረት ደግሞ መጥፎ አማካሪ ነው፤ የመጣላትን ቃል ሳታኝክ ወረወረችው።

«ከቆርቆሮ የተሠራ ነገር መቼ ልክ ይመጣል!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኩብራ ስልኳን ዝቅ አደረገች። አለልኝ ሎኮሞቲቩን አንሥቶ አቧራውን በነጩ ሸሚዝ ጫፍ ጠረገ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ምንኛ በተሻለ!

«እውነትሽን ነው» አላት ቀስ ብሎ። «ቆርቆሮና ነሐስ ድሮም አይገጥምም። እኔ ነኝ ዘግይቶ የገባኝ።»

«አለልኝ፣ እኔ እኮ...»

በሩ ላይ ሲደርስ አንዴ ዞሮ አያት። ያ አስተያየት ስንብት ነበር። ሎኮሞቲቩን ይዞ ሄደ። ጠረጴዛው ላይ ሻይ ሻጯ ሴት ብቻዋን ቀረች፣ ሰገነትም ከእሷ ይበልጥ ብቻዋን።

* * *

የዚያን ዕለት ምሽት በለመደው ሰዓት ስልኩ አልጮኸም። እሷ ጻፈች፦ «ከድሬዳዋ ለገዳሪፍ፤ መንገዱ ክፍት ነው?» ማንበቡን አየች። መልስ ግን አልመጣም። ሰኞም አልመጣም። እልህና ናፍቆት ተራ በተራ ሲገቡባትና ሲወጡባት ዋሉ።

ማክሰኞ ጠረጴዛዋን ልታስጭን ዐም ሐሚድ ቤት ሄደች። ሽማግሌው መኪናውን አይተው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«ያ ቢንቲ፣ ነይ ቁጭ በይ ልጀ። መኪናው ይቆይ።»

«ልሂድ ዐም ሐሚድ። ሥራ አለብኝ።»

«ሥራ ይጠብቃል። ትናንት ጠዋት የት ልንሄድ እንደነበር ታውቂያለሽ? አባትሽ ዘንድ! እኔም፣ የአለልኝ የነፍስ አባትም፣ አንድ ጎረቤቱም። ጀለብያየን ሁሉ አስተኩሼ! እሑድ ባቡሩ ሲገናኝ ሊነግርሽ ነበር። ሽማግሌ እንድንሆንለት ለምኖ ነው ያስማማን።»

ሰገነት የያዘችውን ብርድ ልብስ ለቀቀችው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እሑድ አመሻሹ ላይ መጣና 'ዐም ሐሚድ ይቅር፤ ሐዲዱ እንኳ አልገጠመልኝ፣ በሷ ቤት ምን ልግጠም' ብሎኝ ሄደ። ኻላስ፣ አለቀ።»

 አንድ ሳምንት ሙሉ በደስታ የጠበቀችውን ነገር በገዛ ምላሷ ደጃፍ ላይ መልሳዋለች። እንባዋ መጣ፤ አልከለከለችውም። ኩብራ ከጓዳ ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና ትከሻዋን ያዘቻት።

ሲወጣላት ሰገነት ዓይኗን ጠርጋ ተነሣች። ቢያንስ ስህተቱን በዓይኗ ልታይ ፈለገች። መለኪያዋን አውጥታ የእሱን ሐዲድ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ ለካች። የትም ቦታ የፀጉር ያህል አልተዛነፈም። የራሷን ለካች፤ እሱም ልክ ነው። ደግማ ለካች። ግራ ገባት።

«ዐም ሐሚድ፣ ሁለታችንም በሠላሳ እጅ አሳንሰን ልንሠራ ነው የተስማማነው። ታዲያ የሱ ለምን ሰፋ?»

«የማን ሐዲድ ነው የሠራሽው?»

«የድሬዳዋን። የአያቴን። አንድ ሜትር ነው።»

«እኛ ጋማ አንድ ሜትር ከአራት ጣት ነው!» ብለው ሽማግሌው ጉልበታቸውን መቱ። «ገዳሪፍ እንዲያ ነበር። ያ ልጅ ገዳሪፍን ነው የሠራው፣ ልክ አድርጎ። ወላሂ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ!»

«ታዲያ ምነው አልነገሩን?»

«ያንቺን ከእሑድ በፊት የት አየሁት? ድሬዳዋም አልሄድኩ። ሐዲድ ሐዲድ ነው ብየ! እናንተስ ለምን አትጠያየቁም?»

ሰገነት ወንበሩ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። ማንም አላጭበረበረም፤ ማንም አልተሳሳተም። እሷ ለአያቷ ታማኝ ሆነች፣ እሱ ለእናቱ ታማኝ ሆነ፣ እያንዳንዳቸው የዓለም ሐዲድ ሁሉ በቤታቸው ልክ የተሠራ መሰላቸው። በደረቷ ላይ ከእሑድ ጀምሮ የተቀመጠው ድንጋይ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ አልወረደም ግን፣ ቃሉን የተናገረችው እሷ ናትና።

«አሁን ምን ይደረጋል? የኔን ላስፋው?»

«ታዲያ አያትሽ በምን ይሄዳል?»

«የሱን ባጠበውስ?» አለችና ዓይኗ ሻይ ሻጯ ላይ ሲያርፍ ራሷ መለሰች። «አይሆንም። ገዳሪፍ ከጠበበ እናቱ የምትጠብቀው ባቡር አይመጣም።»

ዐም ሐሚድ ጢማቸውን እያሹ አሰቡ። «ሰፊውም ጠባቡም በአንድ መንገድ የሚያልፉበት አገር አለ ይሉ ነበር ድሮ መሐንዲሶቹ። ሦስተኛ ሐዲድ ይጨመራል። አንዱ ብረት የጋራ፤ ከማዶው ሁለቱ ደግሞ የየራስ። ግን ለኛና ለናንተ አይሆንም። ልዩነቱ አራት ጣት ብቻ ነው፤ የባቡር ብረት ወፍራም ስለሆነ ሁለቱ ጎን ለጎን አይገቡም።»

ሰገነት የነሐስ ሐዲዷን በጣቷ ዳሰሰች። እውነት ነው፣ ወፍራም ነው፤ አይገባም። ከዚያ እጇ ወደ ገዳሪፍ ሄደ።

«የአለልኝ ብረት ግን ስስ ነው» አለች በሹክሹክታ።

ያ የሰደበችው ብረት ብቻ ነበር መተማን የሚያሻግራቸው። ስታስበው ሐፍረቱም ተስፋውም በአንድ ጊዜ መጣባት።

* * *

ሥራው እንዲህ ቀላል አልነበረም። ከመጋዘኑ የጥጥ ማሰሪያ ወደ ዐም ሐሚድ ቤት አመጣች። ነሐሱን ከጣውላዋ ላይ ነቀለች። ብረቱን በቁመቱ በቆርቆሮ መቀስ መሰንጠቅ ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያው ተጠቀለለባት፣ የሚቀጥለው እንደ እባብ ተወላገደባት። አለልኝ ይህንን ሁሉ ሜትር እንዴት እንዳቃናው እያሰበች ስትሠራ፣ የሰውየውን ትዕግሥት በእጇ የዳሰሰች ያህል ተሰማት። ስትበይድ ደግሞ ጣቷን አቃጠለች፤ ቀጥላም ሌላውን።

«አንቺ፣ የተበየደው ሐዲዱ ነው ጣትሽ?» አለቻት ኩብራ። «ቆይ ልደውልለት፤ በአንድ ሰዓት ይጨርሰዋል።»

«አይሆንም። የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

«ኧረ በይ እንግዲህ! አላህ ሳይደግስ አይጣላም» አለችና ኩብራ ቅባት ልታመጣላት ሄደች።

ሐሙስ ምሳ ላይ አቶ ስሜነህ የልጃቸውን ጣቶች አዩ።

«ምን ሁነሽ ነው?»

«ሐዲድ እየሠራሁ ነው አባየ።»

«ለአሻንጉሊት?»

ቀና ብላ አየቻቸው። «ለአሻንጉሊት ጣት አይቃጠልም።»

 አቶ ስሜነህ የእጃቸውን መዳፍ ገልብጠው፣ የወጣትነት ማጭድ የተወበትን ጠባሳ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ «ቅባት አድርጊበት» ብለው ወደ መጋዘኑ ወጡ። ሰገነት ያንን አጭር ቃል ቁጣ ነው ብላ ወሰደችው፤ ልቧም ይበልጥ ፈራ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ሦስተኛው ሐዲድ አለቀ። ሻይ ሻጯን ከገዳሪፍ ደጃፍ በጥንቃቄ አንሥታ፣ መተማ ጣቢያ ላይ ከአዲሱ ሐዲድ አጠገብ አስቀመጠቻት። ስልኳን አንሥታ ልትጽፍለት ስትል ተወችው። የበደለችው በሰው ፊት ነው፤ በአደባባይ የሰበሩትን በጓዳ አይጠግኑትም። ቡድኑን ከፍታ በድምፅ ተናገረች።

«ከድሬዳዋ ለገዳሪፍ። እሑድ የአለልኝ ሐዲድ ልክ አይደለም ያልኩት እኔ ሰገነት ነኝ። ለካሁት። ልክ ነው። የኔ ልክ ብቻ ልክ ስለመሰለኝ ሰው አስቀየምኩ። መተማ ላይ ሦስተኛ ሐዲድ ዘርግቻለሁ፣ በሱ ብረት። አለልኝ፣ መንገዱ ክፍት ነው?»

ከአለልኝ በፊት ቡድኑ ተንጫጫ። የድሬዳዋው «ገዳሪፍ፣ መልስ እንጂ!» አለ። የጅቡቲው ሰው የልብ ምልክት ደረደረ። ከገዳሪፍ አንድ ሰው በተሰባበረ አማርኛ «ጣቢያ ዝም አይልም!» ብሎ ጻፈ። አለልኝ ግን አልመለሰም። ሰገነት ስልኩን በፊቱ ደፍታ አስቀመጠችው። የምትችለውን አድርጋለች። የቀረው የሰው ልብ ነው፤ የሰው ልብ ደግሞ በመበየጃ አይያያዝም።

«ክፍት ነው» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ።

በሥራ ልብሱ፣ ግራሶ እንደነካው ሮጦ ነው የመጣው። ሎኮሞቲቩን በጨርቅ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎታል። ወደ ጣውላዋ ጠጋ ብሎ ጎንበስ አለ። ሦስቱን ብረቶች፣ በየቦታው የተንጠባጠበውን ብየዳ አየ።

«ይሄን ማን በየደው?»

«እኔ።»

«ያስታውቃል።»

ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጡ። እሱም ሊስቅ ጀምሮ በጨርቅ የታሠሩትን ጣቶቿን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«የኔን አጥብበሽው ቢሆን ባንድ ቀን ትጨርሺ ነበር።»

«እናትህስ?»

አለልኝ ሻይ ሻጯን ያን ጊዜ ነው ያያት። እናቱ መተማ ጣቢያ ላይ ተቀምጣለች። ማንቆርቆሪያዋን በጣቱ ጫፍ ነካ፤ ሲናገር ድምፁ ተሰብሯል።

«ሰገነት፣ ያመመኝ ሐዲዱ አይደለም። ቆርቆሮ ነህ ያለኝ ሌላ ሰው ቢሆን ስቄ አልፈው ነበር። አንቺ ስትይው ግን እውነት መሰለኝ። ስለምወድሽ ነው እውነት የመሰለኝ። እወድሻለሁ። የዚያን ቀን ልነግርሽ ነበር ሸሚዝ የለበስኩት።»

«አይቼዋለሁ ሸሚዙን» አለች። «አለልኝ፣ ጥፋቴን አውቄያለሁ። ያንተስ ዝምታ? 'ክፍት አይደለም' ብትለኝ ጣቢያየ ላይ ቆሜ እጠብቅህ ነበር። ዝም ስትለኝ ግን የምቆምበት አጣሁ።»

«ሁለተኛ ዝም አልልሽም።»

«ማልልኝ።»

«በሷ» አለ ወደ ሻይ ሻጯ እያመለከተ። ሰገነት ሌላ መሐላ አልፈለገችም።

«እኔም እወድሃለሁ» አለችው። ያንን ሁሉ ወር በባቡር ቋንቋ ስትለው የኖረችው ቃል በሰው ቋንቋ ሲወጣ ደነገጠች፤ ደንግጣም ደስ አላት።

ሎኮሞቲቩን ሐዲዱ ላይ አስቀመጡት። ተነሣ። ጠረጴዛውን ጨረሰ። ጣውላዋ ላይ ሲወጣ ሁለቱም ትንፋሻቸውን ያዙ። የግራው ጎማ የጋራውን ብረት፣ የቀኙ የራሱን ብረት ይዞ፣ በተንጠባጠበው ብየዳ ላይ ትንሽ እያነከሰ፣ ሳይወድቅ መጥቶ ሻይ ሻጯ ፊት ቆመ። ቀጥሎ ባለ ቆቡ አያት ከድሬዳዋ ተነሥቶ በዚያው መንገድ መጣና ፊት ለፊት ሆኑ።

«መተማ ባቡር ገባ! ወላሂ ገባ!» ብለው ዐም ሐሚድ ለጎረቤት ሊያበሥሩ ወጡ። ከደጅ ተመልሰውም አንገታቸውን አስግገው፣ «ጀለብያየ አሁንም እንደተተኮሰ ነው» አሉ። አለልኝና ሰገነት ግን ሰው መኖሩን ረስተው ነበር። የተቃጠሉት ጣቶች ግራሶ በነካው መዳፍ ውስጥ ገብተው፣ ሕመሙ የት እንደሄደ አላወቁም።

* * *

የሚካኤል ዕለት ታቦቱ ከገባ በኋላ ሽማግሌዎቹ የአቶ ስሜነህን ግቢ አንኳኩ። ሰገነት ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ሆና ታዳምጣለች። ነገ መልሱ ለጎንደሮቹ ነው፤ ዛሬ የሚባለው ነገር ወይ ያድናታል ወይ ይወስዳታል።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ አቶ ስሜነህ።

«የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ የነፍስ አባትየው እንደ ወጉ። መክፈቻው ለእድሜ ባለጸጋው ለዐም ሐሚድ ተሰጥቶ ነበር። ንግግሩን መንገድ ሙሉ ሲያጠኑት መጥተዋል። አሁን ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ደግመው ጠረጉ፤ ከጭንቅላታቸው የተገኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«አቶ ስሜነህ... ከአለልኝ ቤት ለርስዎ ቤት... መንገዱ ክፍት ነው ወይ?»

 ሰገነት ዓይኗን ጨፈነች።

 አቶ ስሜነህ ለራሳቸው እንደሚያወሩ፣ በዝግታ ተናገሩ።

«የዚችን እናት ልጠይቅ ድሬዳዋ የወረድኩ ጊዜ ማጭዴን ሽጨ በሰው ጫማ ነው የሄድኩት። ባቡር ነጂው አባቷ ከጠዋት እስከ ቀትር ደጅ አቆመኝ። ፀሐዩን ዛሬም አልረሳውም። ቀትር ላይ ወጣና 'ጣትህን አሳየኝ' አለኝ። አሳየሁት። 'ግባ' አለኝ።» ትንፋሽ ወሰዱ። «የዚህ ልጅ ጣት እንዴት ነው?»

«ጣት የት ቀርቶለት!» አሉ ዐም ሐሚድ። «ግማሹ ሞተር ውስጥ ነው የቀረው።»

አቶ ስሜነህ ሳቁ። ሰገነት አባቷ ሲስቁ ስትሰማ እናቷ ከሞቱ ወዲህ ይህ የመጀመሪያው ነው።

«ሰገነት!» ብለው ተጣሩ። «ነይ ውጪ። ይሄ ሽማግሌ በባቡር ቋንቋ ይጠይቀኛል፤ የእናትሽ ቤት ቋንቋ ነው፣ እኔ አልችለውም። ምን ብየ ልመልስለት?»

መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሽማግሌዎቹ እንደቆሙ ናቸው። ከግቢው በር ውጭ፣ መግባት ስለማይገባው፣ አለልኝ በዚያው ነጭ ሸሚዝ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።  አባቷ ከተቀመጡበት ተነሥተው ወንበራቸውን ለዐም ሐሚድ ሲያስጠጉ አየች፤ ስንት ምሽት በስልክ ያለችውን ቃልም አሁን በሰው ፊት አለችው።

«ክፍት ነው» አለች እያለቀሰች። «ይምጣ።»